ጠላ ለሚያውቅ ሰው፦ የብራስልስና የባምበርግ ቢራ ጠማቂዎች

አውሮፓ ደርሶ ትንንሽ የቢራ መጥመቂያዎችን ማየት የሚፈልግ አበሻ ወዴት ልሂድ ቢለኝ ሁለት ከተማ እጠራለሁ፤ ብራስልስና ባምበርግ። ሌላው ቦታ መጥፎ ሆኖ አይደለም። አብዛኞቹ አዳዲስ ጠማቂዎች ግን የሚያሳዩት ተመሳሳይ ነገር ነው፤ የሚያብረቀርቅ አይዝጌ ብረት ጋን፣ ከላቦራቶሪ የተገዛ እርሾ፣ በኮምፒውተር የሚቆጣጠሩት ሙቀት። አንዱን ያየ ሁሉንም ያየ ያህል ነው። በእነዚህ ሁለት ከተሞች ግን ጠላ ሲጠነሰስ እያየ ያደገ ሰው ያለ አስተርጓሚ የሚገባው ሥራ ይሠራል። በብራስልስ እርሾ ሳይጨመር የሚፈላ ቢራ አለ፤ በባምበርግ ደግሞ ጭስ የጠጣ ቢራ።

ከብራስልስ እንጀምር። የምትፈልጉት ካንቲዮን የሚባለውን መጥመቂያ ነው። አንደርሌክት በሚባለው የከተማው ክፍል ገድ በተባለው መንገድ ላይ ይገኛል፤ ከብራስልስ ሚዲ ባቡር ጣቢያ በእግር ሩብ ሰዓት ቢወስድ ነው። በ1900 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተ የቤተሰብ ሥራ ሲሆን፣ መጀመሪያ ከሌሎች ጠማቂዎች የገዛውን ቢራ እያዋሀደ ይሸጥ ነበር። የራሱን መጥመቅ የጀመረው በ1930ዎቹ መጨረሻ ነው። ከ1978 ጀምሮ ሥራውን ሳያቋርጥ ሙዚየምም ሆኗል። ረቡዕና እሑድ ዝግ ስለሆነ እሑድን ለጉብኝት የሚመድብ መንገደኛ በሩን ተዘግቶ ያገኘዋል። ቅዳሜ ይጨናነቃል። ከሰኞ፣ ማክሰኞና ሐሙስ በአንዱ ጠዋት መሄድ ይሻላል፤ የዓመት በዓላቸውን መዘጊያ ግን ከመነሳታችሁ በፊት አረጋግጡ። የመግቢያው ዋጋ የቅምሻ ብርጭቆንም ይጨምራል።

እዚያ የሚጠመቀው ቢራ ላምቢክ ይባላል። ለአንድ ጠመቃ ወደ 1,300 ኪሎ እህል ይገባል፤ በግምት ሁለት ሦስተኛው የገብስ ብቅል፣ አንድ ሦስተኛው ደግሞ ያልበቀለ ጥሬ ስንዴ ነው። የተፈጨው እህል በሙቅ ውሃ ይለወሳል፤ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ተነስቶ በሁለት ሰዓት ገደማ 72 ዲግሪ ይደርሳል። በመሀል ነጭ፣ ድፍርስ፣ አጥሚት የመሰለ ፈሳሽ ተቀድቶ ለብቻው ይሞቃል፤ ከዚያ ይመለሳል። ይህን ደረጃ ብዙ ጎብኚ ሳያስተውል ያልፈዋል፤ እኔ ግን የሙያው እምብርት እዚህ ያለ ይመስለኛል። ያ ድፍርስ ፈሳሽ ተራ እርሾ ሊበላው የማይችል ረዥም ሰንሰለት ያለው ስኳር ይዞ ይቀራል። ቢራው በርሜል ውስጥ ሦስት ዓመት ሲቆይ ቀስ ብለው የሚሠሩት የዱር እርሾዎች የሚመገቡት ይህንኑ ነው። ያ ባይኖር ላምቢክ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ተሟጥጦ ያልቅ ነበር።

ከዚያ የብቅሉ ውሃ ከሆፕስ (በቢራ የጌሾን ቦታ ከሚይዘው መራራ አበባ) ጋር ከሦስት እስከ አራት ሰዓት ይቀቀላል። ወደ 10,000 ሊትር የነበረው ተንኖ ወደ 7,500 ሊትር ይወርዳል። ሆፕሱን በእጃችሁ ይዛችሁ አሽቱት፤ ትኩስ ሆፕስ እንደ ሎሚ ልጣጭና እንደ ሣር ይሸታል፣ ይሄኛው ግን ያረጀ አይብ ይመስላል። ምክንያቱ ሆን ተብሎ ሁለትና ሦስት ዓመት እንዲያረጅ መደረጉ ነው። ሲያረጅ ምሬቱ ይጠፋል፤ ጎጂ ባክቴሪያን የመግታት ኃይሉ ግን ይቀራል። የጌሾን ሥራ ለምናውቅ ይህ ለየት ይላል። ጌሾ ጠላን ያስመርራልም ይጠብቃልም፤ እነሱ ጠባቂውን ይዘው መራራውን ጥለዋል።

አሁን ወደ ቆጡ ውጡ። ጣሪያው ሥር ሰፊና ጥልቀት የሌለው የቀይ መዳብ ገንዳ ተዘርግቷል። የተቀቀለው ፈሳሽ ማታ እዚህ ይገለበጣል። በጣሪያው ክፍተቶች የሌሊቱ አየር ይገባል፤ ጠዋት ላይ ሙቀቱ ከ18 እስከ 20 ዲግሪ ወርዶ፣ በአየሩና በአሮጌው እንጨት ላይ ያሉ እርሾዎችና ባክቴሪያዎችም ገብተውበት ያድራል። ማንም አንድ ማንኪያ እርሾ አልጨመረም። እኛ ጥንስሱን ስንጥል እርሾ ከሱቅ እንደማንገዛው ሁሉ ማለት ነው፤ የእኛው ከጌሾው ቅጠል፣ ከብቅሉና ከጋኑ ግድግዳ ይመጣል፣ የእነሱ ደግሞ ከቆጡና ከበርሜሉ።

ጠመቃው በዚህ ምክንያት ወቅት አለው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት ማብቂያ ግድም ባለው ቀዝቃዛ ጊዜ ብቻ ነው። በበጋቸው ሌሊቱ ስለማይቀዘቅዝ ፈሳሹ እስኪነጋ ለብ እንዳለ ይቆያል፣ አየሩም በሚያበላሹ ባክቴሪያዎች ይሞላል። በሐምሌና በነሐሴ የሚሄድ ጎብኚ ገንዳውን ባዶና ደረቅ ያገኘዋል። እንፋሎቱን ማየት ከፈለጋችሁ ክረምታቸውን ምረጡ፤ በዓመት ጥቂት ቀን ደግሞ ጠመቃው ከማለዳ ጀምሮ ለሕዝብ ክፍት ይሆናል።

የበርሜሉ ክፍል ብዙ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ቦታ ነው። አዲስ የተሞሉት በርሜሎች የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ቀናት አፋቸው ክፍት ነው፤ ቡናማ አረፋ እየገነፈለ በጎናቸው ይወርዳል። ክፍት የሆነው ተረስቶ አይደለም፤ ቢታሸግ ጋዙ በርሜሉን ይሰነጥቀዋል። አረፋው ሲሰክን ይዘጋል። ከዚያ ተራ በተራ ነው የሚሠሩት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአየር የገቡ ባክቴሪያዎች፣ ቀጥሎ ለጥቂት ወራት አልኮሉን የሚሠራው የተለመደው የእርሾ ዝርያ፣ ሙቀት ሲመጣ የሚያኮመጥጡት ባክቴሪያዎች። በዚህ በሦስተኛው ደረጃ ቢራው እንደ ተልባ ይዝለገለጋል፤ ሲቀዳ እንደ ክር ይሳባል። ጠማቂዎቹ «ታሟል» ይላሉ እንጂ አይደፉትም፤ ብሬታኖማይሲስ የተባለው ቀርፋፋ እርሾ በወራት ውስጥ ያን ዝልግልግ ነገር በልቶ ያጠራዋል። ከላይ የሚሠራው ስስ ሽፋን ደግሞ፣ ከበርሜሉ የተነነው በሚተወው ባዶ ቦታ በኩል አየር ቢራውን እንዳያበላሸው ይከልላል። እኛ ሽበት ያወጣ ጠላ ስናይ ተበላሸ ብለን እንደፋዋለን፤ እዚያ ግን ጠባቂ ነው።

የሸረሪት ድሩን ስታዩ ቤቱ ቆሻሻ ነው አትበሉ። ጣፋጩ ሽታ ዝንብና ትንኝ ይጠራል፣ በተለይ ፍራፍሬ በሚገባበት ወቅት። መድኃኒት ቢነፉ ቢራውን የሚሠሩትን ረቂቅ ተሕዋስያን አብረው ይነካሉ፤ ስለዚህ ሸረሪቱን ይተዉታል። በርሜሎቹን አትንኩ፣ ቡሹን በጣታችሁ አትሞክሩ፤ ለዓመታት የተረጋውን መበጥበጥ ይሆናል።

ቅምሻው ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። መጀመሪያ የሚቀርበው ንጹህ ላምቢክ አረፋ የለውም፤ ጋዙ በእንጨቱ በኩል ወጥቶ አልቋል። ብዙዎች ሞቷል ብለው ይመልሱታል። አልሞተም፤ እንደዚህ ነው የሚጠጣው። ቀጥሎ ጉዝ ይመጣል። ጉዝ የአንድ፣ የሁለትና የሦስት ዓመት ላምቢክ ተዋህዶ የሚታሸግ ነው፤ ያረጀው ጣዕሙን ይሰጣል፣ ወጣቱ ደግሞ የቀረውን ስኳሩን፣ ያም በጠርሙሱ ውስጥ እንደገና ይፈላና አረፋውን ይሠራል። ሦስተኛው ክሪክ ይሁን፤ በሊትር 200 ግራም ገደማ ቼሪ ገብቶበት ለወራት የተቀመጠ ነው። ቅደም ተከተሉን ከክሪክ ብትጀምሩ ፍሬው ምላሳችሁን ይይዘውና የላምቢኩ ስስ ጣዕም አይሰማችሁም። ስኳር የተጨመረበት የሱፐርማርኬት ቼሪ ቢራ ጠጥቶ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ጣፋጭ ጠብቆ ይመጣና ኩምጣጤው ያስደነግጠዋል። የመጀመሪያውን ጉንጭ ለአፍ ማለማመጃ ቁጠሩት፤ ፍርዱን ከሦስተኛው በኋላ ስጡ። ከ5 እስከ 6 በመቶ አልኮል ቢሆንም አሲዱ ባዶ ሆድ ይቆነጥጣልና ቁርስ በልታችሁ ሂዱ። መጥመቂያው ምግብ ቤት አይደለም።

ጠርሙስ መግዛት ካሰባችሁ አንድ ነገር እወቁ፦ ጉዝ ሕያው ነው፣ ሙቀት አይችልም። ከብራስልስ ደቡብ ምዕራብ ቤርሴል አካባቢ ያለው ድሪ ፎንታይነን የተባለ ታዋቂ የጉዝ አዋሃጅ በ2009 የማከማቻው ቴርሞስታት ተበላሽቶ ክፍሉ ከመጠን በላይ ሞቆ በሺዎች የሚቆጠሩ ጠርሙሶች ፈንድተውበታል፤ ከአደጋው የተረፈውን ቢራ አውጥተው ወደ አረቄ ቀየሩት። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሻንጣችሁን ትታችሁ አትሂዱ። ሌሎቹን የላምቢክ ጠማቂዎች በአንድ ቅዳሜና እሑድ ማዳረስ የሚፈልግ ደግሞ በየሁለት ዓመቱ የሚዘጋጀውን ቱር ደ ጉዝ የተባለ፣ ጠማቂዎቹ በራቸውን ለጎብኚ የሚከፍቱበት ዝግጅት ይጠብቅ፤ ካንቲዮን በዚያ አይሳተፍም፣ ስለዚህ ለብቻው ቀን መድቡለት።

ከብራስልስ ወደ ጀርመን በባቡር ስትሄዱ ኮሎኝ ላይ ለሁለት ሰዓት መውረድ አይከፋም፤ መንገዱ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ከጣቢያው በእግር ወደ ፍሪዘን መንገድ ሂዱና ከ1883 ጀምሮ በቤቱ ውስጥ የሚጠምቀውን ፔፍገንን ፈልጉ። ቢራው ኮልሽ ይባላል፤ በ0.2 ሊትር ቀጭን ብርጭቆ ይመጣል። አስተናጋጁ ሳትጠይቁት ባዶውን እያነሳ ሙሉ ያስቀምጣል፣ በካርቶኑ ማስቀመጫ ላይም በእርሳስ ጭረት ይጨምራል። ይህን ያላወቀ እንግዳ ትሕትና መስሎት ዝም ብሎ ይጠጣል፤ ሒሳቡ ሲመጣ አሥር ጭረት ያገኛል። ሲበቃችሁ ካርቶኑን ብርጭቆው ላይ ክደኑት። ከዚህ በላይ ለኮሎኝ ጊዜ አታባክኑ፤ ባምበርግ ይጠብቃችኋል።

ባምበርግ በባቫሪያ ሰሜን፣ ፍራንኮኒያ በምትባለው አገር ናት፤ ከኑረንበርግ በባቡር አንድ ሰዓት አይፈጅም፣ ከፍራንክፈርት ደግሞ በቩርትስቡርግ በኩል ይመጣል። አሮጌው ከተማ በ1993 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። እዚያ የምትፈልጉት የጭስ ቢራ፣ በእነሱ አጠራር ራውኽቢር ነው።

ጭሱ ከየት እንደሚገባ አስተውሉ። እኛ እንሥራውን በግራዋ አጥበን በወይራ እናጥነዋለን፤ ጠላው ጭሱን የሚወስደው ከዕቃው ነው። እነሱ የሚያጥኑት ብቅሉን ነው። ገብሱን ይነክሩታል፣ ለቀናት ያበቅሉታል፤ እስከዚህ ድረስ እናቶቻችን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ከሚያደርጉት አይለይም። ከዚያ ግን የእኛ ብቅል ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በፍራንኮኒያ ብርድና ዝናብ እሳት ያስፈልግ ስለነበር ብቅሉ ከእንጨት እሳት በላይ ባለ ወንፊት ላይ ተዘርግቶ ይደርቅ ነበር፤ ጭሱም በየፍሬው ይገባል። ጭሱ እህሉን ሳይነካ በቧንቧ የሚወጣበት ምድጃ ሲመጣ ሌላው ዓለም ጭሱን ተወ። በባምበርግ ሁለት ቤቶች የራሳቸውን ብቅል እስከ ዛሬ ቢች በሚባል ዛፍ እንጨት እያጠኑ ቀርተዋል፤ ሽፔትሲያልና ሽሌንከርላ።

ከጣቢያው ስትወጡ መጀመሪያ በሽፔትሲያል ግቡ። አሥር ደቂቃ በእግር ነው፣ ኦበረ ኮኒግ መንገድ ላይ። በ1536 የተመሠረተ ሲሆን ፊት ለፊቱ ፌስላ የሚባል የ1649 ሌላ ጠማቂ አለ። ላገር የሚሉት የሽፔትሲያል ቢራ ጭሱ ለስለስ ያለ ስለሆነ ለጀማሪ አፍ ይስማማል። ከእሱ በኋላ ወንዙን ተሻግራችሁ ካቴድራሉ ግርጌ ወዳለው ሽሌንከርላ ሂዱ፤ ቤቱ በሰነድ የተጠቀሰው በ1405 ነው። የሚቀርበው ሜርትሰን የተባለ የጭስ ቢራ 5.1 በመቶ አልኮል አለው፤ ጥቁር ቡናማ ነው፤ ከእንጨት በርሜል ያለ ጋዝ ግፊት በራሱ ክብደት ይቀዳል። የመጀመሪያው ጉንጭ ቋንጣ የተሰቀለበት ማድ ቤት ይሸታል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይተወዋል። አትተዉት። አፍንጫ አንድን ሽታ ሲለምድ ዝም ይለዋልና፣ በግማሽ ሊትሩ ማብቂያ ላይ ጭሱ ወደ ኋላ ይሸሽና የብቅሉ ጣፋጭነት ይወጣል። የከተማው ሰዎች ሦስት ካልተጠጣ አይታወቅም የሚሉት ለዚህ ነው፤ እኔ ሁለት ይበቃል እላለሁ። ቅደም ተከተሉን ገልብጣችሁ ሽሌንከርላን ካስቀደማችሁ ግን የሽፔትሲያል ጭስ ከነጭራሹ አይሰማችሁም።

ጠላ የሚያውቅ ሰው አንድ ተጨማሪ ብርጭቆ ይዘዝ፦ ሄለስ የሚባለውን የሽሌንከርላን ፈካ ያለ ቢራ። ብቅሉ አልታጠነም። የሚቀቀለው ግን በዚያው የጭስ ቢራ በሚሠራበት የመዳብ ድስት ነው፣ የሚገባውም የዚያው ቢራ እርሾ ነው፤ ስለዚህ ከዕቃውና ከእርሾው ቀጭን የጭስ ሽታ ይይዛል። በወይራ ከታጠነ እንሥራ የተቀዳ ጠላ የሚያስታውሰኝ ከሁሉም ይህ ነው።

ስለ ምግቡ ሳላነሳ አላልፍም፣ ብዙ ወገን እዚህ ላይ ይቸገራልና። የፍራንኮኒያ ገበታ የአሳማ ገበታ ነው። ሾይፈርላ የአሳማ ትከሻ ነው፤ ብራትቩርስትም እንዲሁ። የከተማው መለያ የሆነው የተሞላ ሽንኩርት እንኳ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ነው፣ ስሙ ግን አይናገርም። የተጠበሰ ድንች ስታዙ «ኦነ ሽፔክ» በሉ፣ ያለ አሳማ ስብ ማለት ነው። አይብ በዳቦ አያሳስትም። በጾም ቀን ዳቦና በጨው የሚበላ ነጭ ቀይሥር መሰል ሥር፣ ሬቲኽ የሚሉትን፣ ጠይቁ። በበጋ ደግሞ ሰዉ ኬለር ወደሚላቸው ኮረብታ ላይ ያሉ የዛፍ ጥላ መጠጫዎች ይወጣል፤ ድሮ ከሥራቸው ባለው ዋሻ ቢራ ስለሚቀመጥ ነው ስሙ። በብዙዎቹ መጠጡን ከእነሱ ገዝቶ ምግብን ከቤት ይዞ መምጣት የተለመደ ነው፤ መጀመሪያ ጠይቁና ምሳችሁን ቋጥራችሁ ሂዱ።

ጠረጴዛ የጋራ ነው። ባዶ ወንበር ስታዩ «ኢስት ሂር ፍራይ?» ብላችሁ ጠይቁና ተቀመጡ፤ ዝም ብሎ መቀመጥም፣ ባዶ ጠረጴዛ ፍለጋ መቆምም ነውር ነው። ሽታምቲሽ የሚል ምልክት ያለበት ላይ ግን አትቀመጡ፣ የደንበኞች ነው። ግማሽ ሊትር «ዛይድላ» ይባላል። ብርጭቆ ስታጋጩ ዓይን ለዓይን ተያዩ። ኬለር ላይ ለብርጭቆው መያዣ ገንዘብ ያስከፍላሉ፣ ስትመልሱ ይመለሳል። ካርድ የማይቀበል ቤት ብዙ ስለሆነ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

ወደ ቤት ጠርሙስ ይዞ ለመመለስ፣ የጉዝ ጠርሙስ እንደ ሻምፓኝ ወፍራም ነውና 75 ሳንቲ ሊትሩ ከ1.5 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በ23 ኪሎ ሻንጣ ውስጥ ከአራት በላይ አታስቡ። ከ24 በመቶ በታች አልኮል ያለው መጠጥ በሚጫን ሻንጣ በአየር መንገድ ደንብ አይከለከልም፤ በእጅ ሻንጣ ግን በፍተሻ ሊወሰድባችሁ ይችላል። እያንዳንዱን ጠርሙስ በካልሲ፣ ከዚያ በፕላስቲክ፣ ከዚያ በወፍራም ልብስ ጠቅልላችሁ መሀል ላይ አድርጉት፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ ጎማው አጠገብ ያለው ነው። በባሕረ ሰላጤው አገር ለሚኖሩ፦ ወደ ሳዑዲ፣ ኩዌትና ኳታር አልኮል ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ እዚያው ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ቤት ሲደርስ ጠርሙሱን ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ አስቀምጡት፤ ጉዝ ለዓመታት ይቆያል። ልትከፍቱት ስታስቡ ከሁለት ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ወደ ታች ይውረድ። ሲከፈት ይገነፍላልና ብርጭቆ ቅርብ ይሁን። ከ12 ዲግሪ ገደማ በታች አታቀዝቅዙት፤ በበረዶ የቀዘቀዘ ጉዝ ኩምጣጤው ብቻ ይቀራል። ቀስ ብላችሁ በአንድ ጊዜ ለሁሉም ቅዱ፤ ጠርሙሱን እያቀኑ እያጋደሉ መቅዳት አተላውን ይበጠብጠዋል። የመጨረሻዋን ጣት የምታህል ጉሽ ለብቻዋ በትንሽ ብርጭቆ ቅመሱ።